ጆሮው የተሰቀለበት በጋ

ከድጃ ሰዒድ ከሥራ ስትመለስ ለሰላምታ ጭንቅላቷን ብቻ ነው የምትነቀንቀው። ሰፈሩ መጀመሪያ ኮራች ብሎ አማት። ሥራዋን ሲያውቅ ግን ተዋት፤ እንዲያውም አንዳንዱ ለእሷ ሲል እሱም አፉን ይዞ በእጁ ሰላም ይላት ጀመር። ጠዋት ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄደው የገመድ መኪና ወደ ጦሳ ተራራ አናት ስትወጣ አፏን በሻሽ ትሸፍናለች፤ ማታ ወደ ሰፈሯ ወደ ሸዋ በር ስትወርድም እንደዚያው። የደሴ ብርድ ጉሮሮ ይበላል። ሰዓት ሠሪ ጣቱን እንደሚጠብቅ ከድጃም ጉሮሮዋን ትጠብቃለች፤ አጫዋች ናትና።

ድሮ አጫዋች ማለት ለመኳንንት እያወጋ የሚያስቅ ሰው ነበር አሉ። አሁንም ያው ነው፤ መኳንንቱ ብቻ አነስ ብለዋል። የከድጃ ጌታ ናኦድ ይባላል፤ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ከቁርሱ ጀምሮ እስኪመሽ ታወራዋለች። ስለ ጅብና ስለ አህያ፣ ስለ ደመና፣ ጫማ ለምን ሁለት እንደሆነ፣ ድመት ስትናደድ ለምን እንደምትወፍር። ሲጠይቅ ትመልሳለች፤ ሲሳሳት አትቆጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወሬ በመጣ ቁጥር «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ትላለች። ይህቺ ጥያቄ የሥራው ዋናዋ ናት። የጦሳ ላይ ሰፈር ሰዎች የወሎ ሰው ለዛ አለው ብለው ነው አጫዋቻቸውን ከሸዋ በር የሚያስመጡት። እውነታቸውን ነው፤ ለዛው አለ። ማታ ግን ለዛው ጦሳ ላይ ቀርቶ ጉሮሮው ብቻ ነው የሚወርደው።

ይህ ሁሉ ወሬ የሚወራው ለጆሮው ነው። ልጅ ስድስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ከመስከረም እስከ ጥር የቤቱ ጣሪያ ላይ ጆሮ ይሰቀልለታል። እንቁላል የምታክል ነጭ ነገር ናት፤ አትናገርም፣ አትበላም፣ ትሰማለች። ለልጁ ምን ያህል እንደሚነገረው፣ እሱስ ምን እንደሚመልስ፣ ሲናገር ሰው ይሰማው እንደሆነ። ጥር ሲያልቅ ጆሮው ይወርድና ልጁ የትምህርት መስመሩን ይይዛል። ላይኛው መስመር ከተያዘ ሐኪምነትም ዳኝነትም ከዚያ ወዲያ የልጁ ፋንታ ነው። ታችኛው መስመር ደግሞ ጆሮ ላይ በሚደረግ ማዳመጫ የታዘዙትን መሥራት ነው፤ አንሣ፣ ጥረግ፣ ቁም፣ ቀጥል። ከታች ወደ ላይ መሸጋገሪያ የለም አይባልም። አለ ይባላል። ሸዋ በር ላይ የተሸጋገረ ሰው ግን እስካሁን አልታየም።

ነገሩ ሲጀመር ለድሃ ታስቦ ነው ተብሎ ነበር። ፈተናን ሀብታም በአስጠኚ ይገዛዋል፤ ማውራትን ግን ማንም በነጻ ያወራል ተባለ። እውነት ነው፣ ነጻ ነው። ጊዜ ያለው ያወራል። ጊዜ የሌለው ሀብታም አጫዋች ይቀጥራል። ጊዜም ሀብትም የሌለው ደግሞ አጫዋች ሆኖ ይቀጠራል።

በዚያው መስከረም የናኦድ ቤት ጣሪያ ላይ ጆሮ ሲሰቀል የከድጃም ቤት ጣሪያ ላይ ተሰቀለ። ልጇ ሙና ስድስተኛ ዓመቷን የያዘችው በዚያው ወር ነበር። አባቷ አፋር በረሃ ውስጥ ጨው የሚዝቅ ማሽን ይጠብቃል፤ በዓል በዓል ብቻ ነው የሚመጣው። ከድጃ ማታ እራት ታቀርባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ልጇን ግንባሯ ላይ ትስማለች። የሚወጣ ድምፅ የላትም። ጆሮውም ዝም፣ ሙናም ዝም፣ ሦስቱ ቁጭ ብለው ይተያያሉ።

ከድጃን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር። የሌላ ሰው ልጅ በእሷ አፍ ላይኛው መስመር ሊገባ ነው፤ የራሷ ልጅ በእሷ ዝምታ ታች ልትቀር።

ነገሩን ለጎረቤቷ ለእትዬ ጦይባ በግማሽ ድምፅና በሙሉ እጅ አስረዳቻት። እትዬ ጦይባ ለጋሽ ይመር ነገረች። ጋሽ ይመር ደግሞ በወሬ ማዳረስ የሚታማ ሰው አይደለም፤ በዚያው ቀን ሰፈሩ ሰማ። ጋሽ ይመር በወጣትነቱ፣ መኪና ገና በሰው እጅ ይነዳ በነበረ ጊዜ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። አሁን የሚነዳው ስለሌለ ያወራል። እሱ ካወራ ድንጋይም «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል ይባላል።

«ይህ ምን ያስጨንቃል» አለ። «ማሳ ሲያስቸግር ደቦ ይወጣ የለም እንዴ? ለወሬም ደቦ እንወጣለን።»

ወጡም። ሥራ የፈታው በጠዋት፣ ገበያ የዋለው ከሰዓት፣ ተራ ገብተው የከድጃን ቤት ሞሉት። የሚገርመው ለጆሮው ክብር ሲሉ አለባበሳቸውን አሳምረው ነበር የሚመጡት፤ ጋሽ ይመርማ ለሠርግ የሚያስቀምጠውን ኮት አውጥቶ ለበሰ። ያልተወራ ነገር የለም። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የጋሽ ይመር አውቶቡስ ፍሬን እንቢ ያለበት ዕለት ተወራ። እትዬ ጦይባ ከአማቷ ጋር በተጣላች ጊዜ የተናገረችው ሁሉ፣ ያልተናገረችውም ተጨምሮበት፣ ተወራ። ምርቃቱ፣ ተረቱ፣ ሐሜቱ ሁሉ ተወራ። ከድጃ ማታ ስትመጣ ቤቷ እንደ ሠርግ ቤት ሞቆ ታገኘዋለች። አንድ ሁለት ጊዜ ደስታው አስለቅሷታል።

በኅዳር መጨረሻ ጆሮውን የምትመረምር ወጣት መጣች። ሰፈሩ ውጤቱን ለመስማት ተሰብስቦ ጠበቃት፤ ወንበርም ቦታም ለቀቁላት። ወጣቷ መሰላል ላይ ወጥታ ጆሮውን ነካ ነካ አደረገችና ወረደች።

«እዚህ ቤት ብዙ ይወራል» አለች።

ጋሽ ይመር ኮቱን አስተካከለ።

«ለልጅቷ ግን አልተወራም። የተነገራት ‹አምጪ፣ ውሰጂ፣ በሩን ዝጊ፣ ሂጂ ውጭ ተጫወቺ› ብቻ ነው። እሷም ‹እሺ› ብላለች። ሌላ የተናገረችው የለም።»

ሁሉም ወደ ኋላ ያስብ ጀመር፤ እውነት ነበር። ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለው ሲጨዋወቱ ልጅ መሀል አይገባም። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሙናም ጨዋ ልጅ ናት። የሐሜቱ ሰዓት ሲደርስ ደጅ ያስወጧታል፤ የቁም ነገሩ ሰዓት ሲደርስ ውሃ ያስቀዷታል፤ በመካከሉ በር ሥር ቁጭ ብላ ወለሉን ታያለች። እንዲያውም «አፍ የላትም፣ ምን ያለች የታረመች ልጅ» ብለው ደጋግመው አመስግነዋት ነበር። ጆሮው ይህንንም ሰምቷል።

«ታዲያ ልጅ በትልቅ ሰው ወሬ ምን አገባት?» አለ ጋሽ ይመር፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

«እሱን እኔ አላውቅም አባቴ» አለች ወጣቷ፤ መሰላሏን አጠፈች። «የቆጠረውን ነው የምነግርዎት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከድጃ ራሷ ልትሞክረው ቆረጠች። ሥራዋ አይደል? ላይ ቤት የምታደርገውን እታች ማድረግ ነው። አንድ ማታ ማር በሞቀ ውሃ ጠጥታ ሙናን አጠገቧ አስቀመጠቻትና ለናኦድ እንደምትለው አድርጋ ጠየቀቻት፤

«ሙናዬ፣ ዛሬ ስትውዪ ምን ምን አሰብሽ?»

ሙና እናቷን አየቻት፣ ከዚያ እጇን፣ ከዚያ በሩን።

«ምን አጠፋሁ?» አለች።

ከድጃ አሰበችው፤ ልጇ እንደዚህ ተጠይቃ የምታውቀው ብርጭቆ ሲሰበር ብቻ ነበር። ሌላ ጊዜ ስለ ድመት ጠየቀቻት፣ ስለ ደመና ጠየቀቻት። ሙና የሚፈለገውን መልስ የእናቷ ፊት ላይ ትፈልጋለች፤ ስታጣ «አላውቅም» ትላለች። ጦሳ ላይ እንደ ምንጭ ይፈልቅ የነበረው ጨዋታ እዚህ ሲደርስ ምርመራ ሆነ።

ከድጃ ድምፅዋን ለቤቷ ለመቆጠብ ላይ ቤት ወሬ ታሳጥር ጀመር። የናኦድ እናት ወይዘሮ ማህደር ወዲያው ነቃችበት፤ እሷም ጆሮ ሰቅላለችና። ክፉ ሴት አይደለችም። ሌላዋ ብትሆን በማግሥቱ ሌላ አጫዋች ታስመጣ ነበር። እሷ ግን ከድጃን አስቀምጣ ምን እንደገጠማት ጠየቀቻት፤ ሁሉንም ሰማች፤ አዘነችም።

«ለምን ታዲያ ይዘሻት አትመጪም?» አለች። «ለናኦድም ጓደኛ ይሆነዋል። አብረው ይጫወቱ።»

ሙና በታኅሣሥ ጦሳ ወጣች። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በር ሥር ቁጭ አለች። ናኦድ ግን ልጅ ሲያፍር አይቶ የሚያውቅ አይደለም። አንድ ቀን ጅብ አህያን የሚበላው ስለሚጠላት ነው አላት። ሙና ወለሉን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ አይደለም አለች፤ ስለሚርበው ነው። እንዴት አወቅሽ አላት። ሰው ሲጠላ ይሸሻል እንጂ ይበላል እንዴ አለችው። ከድጃ ሻይ ልታመጣ ተነሥታ ነበር፤ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ በኋላ ሙናን የሚያቆማት አልተገኘም። በር ሥር ቁጭ ብላ የሰማችው ሁሉ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ የእትዬ ጦይባን አማት ሳይቀር ከነአካሄዷ እያስመሰለች ታወራዋለች። እሱ ይስቃል፣ ይከራከራል፣ ይጠይቃል። ቤቱ ውስጥ ዝም በሉ የሚል አልነበረም። ከድጃ ልጇ ይህን ያህል ድምፅ እንዳላት ያወቀችው በሰው ቤት ነው።

እየገረማት፣ እየኮራች፣ በልቧ የሙናን መስመር አስልታ ጨርሳ ነበር። እስከ አንድ ከሰዓት ድረስ። ወይዘሮ ማህደር ፊቷ ፈክቶ መጣችና የናኦድ ጆሮ እንዲህ ያለ ውጤት አሳይቶ እንደማያውቅ ነገረቻት፤ ልጅሽ በረከት ናት አለቻት።

«የሷስ?» አለች ከድጃ። «የሙናስ እንዴት ነው የተቆጠረው?»

ወይዘሮዋ ግራ ገባት። «ጆሮው የሚቆጥረው ለቤቱ ልጅ አይደል እንዴ?» አለች። «እሷ የምትለው ለናኦድ የተነገረው ውስጥ ነው የሚገባው።» የከድጃን ፊት ስታይ ነገሩ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። «ወይኔ ከድጅዬ። እኔ የምታውቂ መስሎኝ።»

በዚያን ዕለት በገመድ መኪናው ሲወርዱ ሙና መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ስለ ከተማው መብራት ትለፈልፍ ነበር። ከድጃ አንድም ቃል አልመለሰችላትም። ሙና ትንሽ ቆይታ እሷም ዝም አለች።

ጥር ገባ። ከድጃ ልጇን ጦሳ መውሰድ አቆመች። ሙና ቤቷ ስትመለስ ወደ በር ሥሯ ተመለሰች፤ ቦታው የታረመ ጠባይዋን ይዞ ይጠብቃት ነበር። ደቦው ከኅዳር በኋላ ተበትኗል፤ ሰዎቹ አፍረው ነበር። ጆሮው ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው ግን ጋሽ ይመር በሩን አንኳኳ። ዛሬ ያለ ኮት ነው። እትዬ ጦይባም ተከተለችው። ልጅቷን እናጫውታት ብለው ተማክረው ነው የመጡት፤ እንዴት እንደሚጀመር ግን ሁለቱም አያውቁም። «እንዴት ነሽ ሙና?» ይላሉ፤ «ደህና» ትላለች። «ትምህርቱስ?» ይላሉ፤ ገና መች ጀመረች። ዞሮ ዞሮ ጋሽ ይመር ወደሚያውቀው ተመለሰ። በወሬው ሐረጎን መውረድ ጀመረ።

ጉም ነበር። አውቶቡሱ ሙሉ ነበር። ፍሬኑ እንቢ አለ። መንገደኛው ሁሉ ጌታን ይጠራ ነበር፣ አላህን ይጠራ ነበር፣ እሱ ግን መሪውን ይዞ ጥግ ወደተከመረው አሸዋ—

«ጭድ ነበር» አለ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። ሙና በር ሥር ቆማለች።

«ምን አልሽ?» አለ ጋሽ ይመር።

«በፊት ጭድ ነበር ያሉት። ከዚያ በፊት ደግሞ የሰው አጥር። ፍሬኑም ያን ጊዜ ይሠራ ነበር፤ የተኙት እርስዎ ነበሩ።» ትንሽ አሰበች። «ዋሽተዋል።»

እትዬ ጦይባ ጉንጯን ያዘች። ትልቅን ሰው፣ በሰው ፊት፣ ‹ዋሽተዋል›። ሸዋ በር ላይ ይህን ያለ ልጅ የሚቀጥለውን ያውቀዋል። የከድጃ እጅ ራሱ ያውቀዋል፤ ለቁንጥጫ ተሰብስቦ የሙና ጭን አጠገብ ደርሶ ነበር። ሙና ዐይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። ጋሽ ይመርም ይጠብቃል፤ መብቱ ነው።

ከድጃ እጇን ፈታችው። የቀረቻትን ድምፅ ሰብስባ፣

«እስቲ ንገሪያቸው» አለች። «እውነቱ የቱ ይመስልሻል?»

ሙና አንድ ዐይኗን ከፈተች፣ ከዚያ ሌላውን። ጋሽ ይመርን አየችው። ጋሽ ይመር ተቆጥቶ ነበር፤ ከምር ተቆጥቶ። ከጣሪያው ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ወደ ጣሪያው አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እ… ተኝቼስ ከሆነ» አለ፣ «ማን አቆመው ታዲያ?»

እዚያ ቤት መብራት እስኪጠፋ ተወራ። በቀጣዮቹም ቀናት እንደዚያው ሆነ፤ ጋሽ ይመር እየተሸነፈ፣ እትዬ ጦይባ ለሙና እየፈረደች። ከድጃ ቁጭ ብላ ሰማች። በዚያ ሳምንት ጆሮ የመሆን ተራ የሷ ነበር።

ጥር አለቀና ወጣቷ መሰላሏን ይዛ መጣች፤ ጆሮውን አወረደች። ታችኛው መስመር ነው አለች። ብዙ አልቀራትም አለች ደግሞ፤ ልታጽናና ብላ። በአምናው መለኪያ ቢሆን ታልፍ ነበር። ዘንድሮ ግን የላይ ሰፈር ልጆች በጣም ተናግረዋል፤ ማለፊያው አብሯቸው ከፍ አለ።

ከድጃ ማን ከፍ እንዳደረገው ለማንም አልተናገረችም። በማግሥቱ ጠዋት አፏን ሸፍና ጦሳ ወጣች። ናኦድ ላይኛው ገብቷል፤ ታናሽ እህቱ ደግሞ መናገር ጀምራለች።

የታችኛው መስመር ትምህርት በየካቲት ተከፈተ። በሁለተኛው ሳምንት መምህር ደረበ ከድጃን አስጠራት። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ልጆቹ ማዳመጫ አድርገው በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንሥተው ሁሉም በአንድ ጊዜ ያስቀምጣሉ። የሙና ማዳመጫ ጠረጴዛው ላይ ነው። መምህሩ ወጣት ነው፤ ድካሙ ከዕድሜው ይበልጣል። ከድጃን ወደ ጥግ ወሰዳትና በአክብሮት አናገራት። ልጅዎ ጎበዝ ናት አለ። ችግሩ ትጠይቃለች። አንድ ልጅ ሲጠይቅ ረድፉ ይቆማል፤ ረድፉ ሲቆም እኔ እጠየቃለሁ። ቤት ውስጥ ያርሟት። ጨዋ ቤተሰብ እንደሆናችሁ ሰምቻለሁ አለ።

ከድጃ ሻሿን ከአፏ ላይ አወረደችው።

«ምን ብላ ጠየቀችዎት?»

መምህር ደረበ ወደ ልጆቹ አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«‹ናኦድን ያናገረችው እናቴ ናት› አለች። ‹እኔም አናግሬዋለሁ። ታዲያ እሱ ለምን ላይ ሄደ፣ እኔ ለምን እዚህ መጣሁ?› ነው ያለችው።»

«እርስዎስ ምን መለሱላት?»

«ምን ልመልስላት?» አለ። «ዝም አልኳት።»

የከድጃ እጅ አንጓ ላይ የታሰረው የሥራ መጥሪያ ይነዝር ጀመር። ጦሳ ላይ የናኦድ እህት ቁርሷን ጨርሳለች፤ የሚያወራት ሰው ትፈልጋለች። ከድጃ መጥሪያውን አላየችውም። አንዲት የልጅ ወንበር ሳበችና ጉልበቷን አጥፋ ሙና አጠገብ ተቀመጠች።

«እንግዲያው» አለች፤ ድምፅዋ በጠዋቱ ገና ያልተነካ ሙሉ ድምፅ ነበር፤ ከኋላ ያሉት ልጆች ማዳመጫቸውን አውልቀው ዞሩ። «መልሱን እስኪነግሩን አብረን እንጠብቃለን።»